ከድልድዩ ወዲያ አይወራም

«ዕድሜሽን ሙሉ ስትጮኺ የኖርሽ ልጅ፣ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

እንዲህ ያለችኝ ማዘር አጁሉ ናት፤ ፊት ለፊቴ፣ ዓይኔን እያየች፣ ግቢዋ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ሰጥታ ካስቀመጠችኝ በኋላ። የሄድኩት ልሰናበታት ነበር። ወንድሜ ወደ ዲማ ወርዶ ለወርቅ ቆፋሪዎች ቦት ጫማና አካፋ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቷል፣ የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ ብሎ ደውሏል፣ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝምና እሺ ብያለሁ። ሌሊቱን የዓመቱ የመጀመሪያ ደህና ዝናብ ጥሎ ስላደረ ግቢው በሙሉ፣ በበጋ የተቃጠለ ሣር ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ያ አመድ አመድ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል ሽታ ሞልቶታል። ጋምቤላ ውስጥ ያንን ሽታ በጠዋት ያሸተተች ሴት የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ እንጉዳይ። ይህን ሁሉ ዓመት በአፏ ያላወጣችውን ጥያቄ ያወጣው እሱ ሽታ ይመስለኛል።

ያን ቀን ያለችው አሪየት የሞተችበትን ቀን ነው። አሪየት የማዘር አጁሉ የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ ለእኔ ደግሞ ጓደኛዬ ብል ያንስብኛል። ለጥያቄው መልስ ነበረኝ። መልሱን ከተናገርኩ ይህችን ያረጀች ሴት እሰብራታለሁ፤ ካልተናገርኩ ደግሞ ልጄን ያስበላት የሷ ዝምታ ነው ብላ እንደያዘችብኝ አገር ለቅቄ መሄዴ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሐሳቤ ወደዚያ ዘመን ጭልጥ አለ።

የአባቴ ሱቅና የማዘር አጁሉ ግቢ አጥር ለአጥር ናቸው። አባቴ ከወሎ የመጣ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ስኳሩን የሚመዝንበትን ሚዛን ከልጆቹ በላይ የሚንከባከብ ሰው ነው። እኔ ግን ያደግሁት በሁለቱ ግቢ መካከል በነበረችው የአጥር ቀዳዳ ነው ብል ይቀላል፤ ቀዳዳዋን አባቴ በቆርቆሮ ይደፍናታል፣ እኔና አሪየት እንከፍታታለን። «ትልቅ ሰው አንቱ በይ» እያለ ስለቆጣኝ መጀመሪያ ሰሞን ማዘር አጁሉን አንቱ ስላት ዘወር ብላ ከኋላዋ ያለውን ሰው ትፈልግ ነበር፤ «እኔ አንድ ነኝ፣ አንቺ በዪኝ» አለችና ተገላገልኩ።

ክለቡ የእሷ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች የእግር ኳስ ክለብ አቋቁመው ማልያ ሲያሰፉ «እነሱ ኳስ አላቸው፣ እኛ እንጉዳይ አለን፣ እኛም ክለብ ነን» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልነበረንም። አባላቱ ገበያ ላይ ዓሣና በቆሎ የሚሸጡ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚዘምሩ ሴቶችና እነሱ የሚያስከትሏቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲጠባ፣ ዝናብ ዘንቦ ባደረ ማግስት ገና ሳይነጋጋ የማዘር አጁሉ በር ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በቀዳዳዋ ሾልኬ ስወጣ አባቴ ከአልጋው ሆኖ «ደሞ ያንን የጅብ ጥላ ልትለቅሚ ነው?» ይለኛል። በእሱ አገር እንጉዳይን ሰው አይበላውም፣ ጅብ ነው የሚጠለልበት። በበላሁ ቁጥር እስኪመሽ ድረስ መሞት አለመሞቴን እየተጠባበቀ በመደርደሪያው ላይ አሻግሮ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ማዘር አጁሉ በለውዝ የሠራችውን እንጉዳይ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ልካልን፣ እናቴ ለእኔ ብላ ክዳን አድርጋ ያስቀመጠችው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ፤ የአባቴ ጢም ላይ ለውዝ ነበረ።

የክለቡ ሕግ አንድ ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ አይወራም። ኩይሳዎቹ ያሉት ከባሮ ማዶ ነው፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ አዲስ ጠጉር የሚያወጣበት ሜዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ቀያይ የምስጥ ቤቶች። እንጉዳዩ የምስጥ እርሻ ነው ትላለች ማዘር አጁሉ፤ የሰው ድምፅ ከሰሙ ወደ ታች ይስቡታል። ይህን የነገረቻት እናቷ ናት። እኔ በዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂዬ ላፋጥጣት ስሞክር «እሺ፣ ምስጡ አይሰማም» አለችኝ፤ «ከኋላ የሚከተሉን የሌላ ሰፈር ሴቶችስ? እነሱም አይሰሙም?» ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

ስለዚህ ወሬው ሁሉ ከድልድዩ በፊት ማለቅ ነበረበት። ከሰፈር ተነስተን ድልድዩ ጫፍ እስክንደርስ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ለማን ዓሣ እንዳመጣ፣ የትኛዋ ዘማሪ ድምፅዋ እንደተሰነጠቀ ይዘረገፋል። ከታች ባሮ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፣ ዳር ላይ ገና በጠዋት የሚታጠቡ ሰዎች ሳሙና ይቀባበላሉ፣ እኛ ከላይ እንንጫጫለን። መጨረሻዎቹ እርምጃዎች ላይ ስንደርስማ ሁሉም የቀራትን ለመጨረስ በአንድ ላይ ስለምታወራ ማንም ማንንም አይሰማም። ከዚያ እግራችን አፈር ሲረግጥ ጭጭ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ የትም አልገጠመኝም፤ የሣሩ ጤዛ ቀሚሳችንን ሲመታ ይሰማል፣ የአንዷ ሆድ ሲጮህ ይሰማል፣ ሳቃችንን አፍነን ትከሻችን ይንቀጠቀጣል።

እንጉዳይ ያገኘች ሴት አትጠራም። ጀርባዋን ለሌላው ሰጥታ ቁጢጥ ትላለች፣ በቃ። የተቀመጠች ሴት በሯን እንደዘጋች ቤት ናት፤ ጨርሳ ተነስታ ቅርጫቷን ራሷ ላይ እስክታደርግ ድረስ ወደ እሷ የሚሄድም፣ የሚጠራትም የለም። ነጭ ነው እንጉዳዩ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጡት ጫፍ ሹል፤ ግንዱ ወደ ታች ሩቅ ይሄዳል፣ ከተጎተተ ይሰበራል፣ ሁለት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደሽ እየለመንሽ ነው የምታወጪው። ለዚህ ልመና አሪየትን የሚያህል አልነበረም። ጣቶቿ ረጃጅም፣ ነገሯ ቀስ ያለ፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲጠይቃት መልሱን እያወቀች አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ያው እኔ ነበርኩ።

የሚያወራ ሰው ቅጣቱ የሁሉንም እንጉዳይ ባሮ ዳር ማጠብ ነው። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ያላለቀውን ሐሜት ሲቀጥሉ፣ ጥፋተኛዋ አፈሩን ከያንዳንዱ ግንድ እየፈቀፈቀች ታጥባለች። ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ወይ ጥንቸል አይቼ «ያቻትና» እላለሁ፣ ወይ እሾህ ይወጋኝና የማልለው የለም፣ ወይ ደግሞ አሪየት ተቀምጣ ሳያት መታገስ አቅቶኝ «አሪየት፣ ስንት ነው?» ብዬ እጮኻለሁ። «ይቺ የነጋዴ ልጅ ገበያ የመጣች ይመስላታል» ይሉኛል። በኋላ ነው የነቃሁት፤ እኔ በተቀጣሁ ቁጥር አሪየትም የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ቃል ታመልጣታለች። «ውይ» ትላለች፣ ምንም ሳይነካት፤ ወይም ባዶ ሜዳ ላይ «እንትን» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ማዘር አጁሉ ጣቷን ትቀስርባታለች፣ ሁለታችንም ባሮ ዳር ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አወራለሁ። ሕይወቴ ውስጥ መወደዴ የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ሌላው ጊዜ ሁሉ በወሬ ነው የሰማሁት።

ቅርጫት የሚይዙት ሙሉ አባላት ብቻ ነበሩ። ማዘር አጁሉ ራሷ ትሰፋዋለች፣ ለሚገባት ትሰጣለች። እኔ ከአባቴ ሱቅ የወሰድኩትን ፌስታል ነበር የምይዘው፤ እንጉዳይ ደግሞ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ይሰባበራል፣ ቤት ሲደርስ ሾርባ ይሆናል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ በዚያ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ማዘር አጁሉ በሁሉም ፊት «አንድ ቀን፣ ሄደን እስክንመለስ አፍሽን ከዘጋሽ ቅርጫት አለሽ» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አሪየት አልሳቀችም፤ ሳምንቱን ሙሉ አለማመደችኝ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በዝምታ ታስኬደኛለች፣ ጉንጬ ላይ ጣቷን እየቀሰረች ታስቀኛለች፣ ካወራሁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወዳለው የኒም ዛፍ ተመልሰን እንደገና እንጀምራለን።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ድልድዩን ተሻገርን፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። እግሬን እሾህ ወጋኝ፣ ዝም። ድኩላ ከፊቴ ዘለለ፣ ዝም። ማዘር አጁሉ ዞር ብላ አየችኝና ከንፈሯ ፈገግ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ራቅ ብሎ ካለው ትልቅ ኩይሳ ሥር አሪየት ቁጢጥ ብላ አየኋት፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ አንገቷን ደፍታ። «አሪየት፣ ስንት ነው?» የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ደግሜ አየኋት፣ አልተነሳችም፤ ዛሬስ ቀናት፣ ኩይሳው በሙሉ አብቅሎላት ነው አልኩ በልቤ። ሌሎቹም አይተዋታል፣ ሌሎቹም እንደዚያው ነው ያሉት። የተቀመጠች ሴት በሯን እንደዘጋች ቤት ናት።

የመመለሻ ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ መጋል ስትጀምር ነው ማዘር አጁሉ ራሷ የሄደችው። አሪየት ከኩይሳው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ እጇን ስትሰድ እባብ ነክሷታል፤ አጠገቧ የነቀለቻቸው እንጉዳዮች በሥነ ሥርዓት ተደርድረዋል። ዓይኖቿ ግማሽ ተከድነው ነበር፣ ምላሷ አልታዘዝ ብሏታል። መጀመሪያ ላይ መጥራት ትችል እንደነበርና እንዳልነበር፣ እሾህ መስሏት እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ወይስ እሷም ለእኔ ቅርጫት ብላ ቀኑን ላለማበላሸት ዝም ብላ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በጨርቅ አዝለናት ሮጥን። ድልድዩ ላይ ባጃጅ አገኘን፤ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፣ እኔ ያኔ እጮኻለሁ፣ ስሟን እጠራለሁ፣ ሾፌሩን እሳደባለሁ፣ አፌ ከዚያ ደቂቃ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም። ከተማው ውስጥ ሳንገባ እጇ እጄ ውስጥ ከበደኝ።

ክለቡ ፈረሰ ብሎ ያወጀ የለም። ዝናብ ጣለ፣ በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም፣ በቃ። ማዘር አጁሉ መዝሙሩንም ተወችው። የአጥሯን ቀዳዳ አባቴ ደፈናት፣ ዳግመኛ አልተከፈተችም። እንጉዳይ አሁንም አለ፤ ልጆች መንገድ ዳር በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ እየተጯጯሁ የለቀሙትን። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የአባቴ ሱቅ ውስጥ ቀረሁ፣ ደንበኞች ሬዲዮ ይሉኛል፣ ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ መቀመጥ አልችልም፤ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ለሰው እደውላለሁ። ድልድዩ ላይ በአንድ ላይ የሚንጫጩ ሴቶች፣ ከዚያ የጤዛው ድምፅ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ አንዲት «ውይ»፤ የጠፋብኝን ቁጠሪ ብባል ይሄንን ነው የምቆጥረው።

«ማዘር» አልኳት በመጨረሻ። «ከድልድዩ ወዲያ አይወራም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አፍሽን ዝጊና ቅርጫት አለሽ ያልሽኝም አንቺ ነሽ። ተቀምጣ አይቻታለሁ። አገኘች ብዬ ነው የተውኳት።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አጥሩ ላይ የነበረችው ዶሮ ዘላ ወረደች። ማዘር አጁሉ አልተቆጣችም። ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ጨርቅ ጫፍ ይዛ ብዙ ጊዜ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ከአንቺ በፊት አይቻታለሁ። ቁጭ ስትል አየሁ። ልጄ ዛሬ ቀደመች አልኩ። ደስ አለኝ። ሴቶቹ ወደ እሷ እንዳይሄዱባት በእጄ ወደ ግራ መለስኳቸው።»

«ማዘር…»

«ለሰው ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ትሄጃለሽ፣ ለአንቺ ነገርኩ።» ከዚያ ሰማዩን አየችና «መኪናው ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ሦስት ሰዓት።»

«ሂጂ እንግዲህ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ያቆያችኋል።»

ጉልበቷን ሳምኩ፣ ወንበሩን ግድግዳው ጥግ አስጠጋሁት፣ በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ሻንጣዬን ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ አነሳሁና ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ባጃጅ አስቆምኩ።