ሃምሳ ሰባት ሄጄ ስልሳ አንድ ተመለስኩ

መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ ዕድሜ ልኬን የሠራተኛ ፋይል ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ፋይሉ በአማርኛ ሲጻፍ ነበርኩ፣ በቁቤ ሲጻፍም ነበርኩ። የሰው ውሸት በሁለቱም ያው ነው። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ወንድ ሁሉ ፀጉሩን እንደ ጫማ አጥቁሮ ቢሮዬ በር ላይ ይቆማል። «ስቀጠር ዕድሜዬ በዝቶ ነው የተሞላው፤ ትንሽ ቀንሺልኝ!» ሲቀጠሩ የተሞላ ዕድሜ አይነካም። ይህን ስነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ ሹፌር ነው። «ማሎ እህቴ፣ አንድ ዓመት ብቻ! ቤት ውዬ ምን ልሠራ?» አለኝ።

«ውይ ጋሼ፣ እርስዎማ ገና ልጅ ነዎት! የወተት ጥርስዎ መች ረገፈና?» ብዬ ቢሮውን በሳቅ ሞላሁት። ሰውዬው ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ነግ በኔ የሚሉትን ነገር አላውቅም ነበር።

በየዓመቱ ጡረታ የሚወጡትን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔው ነኝ። አንድ ጠዋት የራሴን ፋይል አወረድኩና ብገልጠው ስልሳ ይላል። እንዴ! እኔ እኮ ሃምሳ ሰባት ነኝ! ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ስቀጠር «ገና ነሽ» ብለው እንዳይመልሱኝ፣ በገዛ እጄ ሦስት ዓመት ጨምሬ ሞልቼ ነበር።

ደነገጥኩ። ባል የለኝ፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። የመቱ ዝናብ እንደሆነ አንዴ ከጀመረ አያባራም። በመስኮት እሱን እያየሁ ልኖር ነው? ያቺ አቧራ የጠገበች መዝገብ ቤት ናት የቀረችኝ። ስለዚህ ስንቱን «አይነካም» ብዬ የመለስኩበትን ዕድሜ ለራሴ ልነካው ተነሣሁ። ምስክር የምትሆነኝ ጎሬ ያለችው እናቴ ናት። ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዎ፣ እኔም ተቀባሁ!

እናቴ ደጃፏ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። «እማዬ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው አይደል?» አልኳት።

«የማን? ያንቺ?» እስክታስል ሳቀች። «ስልሳ አንድ ነሽ እንጂ! ታናናሾችሽን ስታሳድጊልኝ ከትምህርት ቤት ቀረሽ። ኋላ ላስገባሽ ስል፣ ይህችን ኮረዳ ከሕፃናት ጋር አናስቀምጥም እንዳይሉኝ አራት ዓመት ቆረጥኩልሽ።»

በጣቴ ደመርኩት። እሷ አራት ቆርጣ፣ እኔ ሦስት ቀጥዬ፣ መንግሥት ጭራሽ አንድ ዓመት መርቆልኛል!

እናቴ ጎመኑን አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሰው እንዳትነግሪ ታዲያ።»

«ለምን?»

«አንቺ ስልሳ አንድ ከሆንሽ እኔ ስንት ልሆን ነው? ለጎረቤት የነገርኩት ሰባ ነው።»

በዘጠኝ ዓመቷ ወልዳኝ መሆኑ ነው!

«ሃምሳ ሰባት ናት ብዬ እመሰክርልሻለሁ፤ ለሁለታችንም ይበጀናል» አለች። የምሯን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መቱ እስክደርስ ልቤ ተቀብሎት ነበር። በማግስቱ ማመልከቻውን ልጽፍ ብዕር ሳነሣ ግን የዚያ ሹፌር ኮፍያ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ወረቀቱን ቀደድኩና ዝርዝሩ ላይ ስሜን ከሁሉም በላይ ጻፍኩ። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ እርር ብዬ ነው።

የመጨረሻ ቀኔ ዕለት ስኒዬንና ነጠላ ጫማዬን በፌስታል ይዤ ስወጣ፣ በር ላይ ያው ሹፌር ለጡረታው ጉዳይ መጥቶ ከዘራውን ተመርኩዞ ቆሟል።

«ምነው እህቴ፣ ዕቃሽን ሁሉ ይዘሽ?»

«ጡረታ ወጣሁ ጋሼ።» አንገቴን ደፍቼ ብድሩን እስኪመልስ ጠበቅኩ። ይገባኛልም።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺ? ገና ልጅ አይደለሽ እንዴ!» አለ።

ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለግኩ፤ የለም። ሰውዬው ከልቡ ነው። ፌስታሉን ተቀበለኝና እያነከሰ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እውነትዎን ነው ጋሼ?» አልኩት።