ቅቤ ለጨጓራ ብዬ የጠጣሁ ዕለት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ቆሜያለሁ። ይህን መድረክ ለማግኘት ምን ያህል እንደለመንኩ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ የፈሩት አፌን ነው። ዛሬም የፈቀዱልኝ በአንድ ውል ነው፦ ባለቤቴ ታደለች ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ እኔ ወሬ ስጨምር እሷ ጣቷን ታነሳለች። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር አነሳችው! ስሙ ይባረክ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ሮቤ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። የአጋርፋን ቅቤ ከጊኒር ቅቤ ዓይኔን ጨፍኜ በምላሴ እለያለሁ። ባሌ ውስጥ ይህ ምላስ ያልቀመሰው የቅቤ ቅል የለም። እሺ ታደለች፣ ጥቂት ቅል ይቀራል። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ አጥባቂ ጿሚዎች ነበሩ። እኔ ግን በዐቢይ ጾም እንኳ ጣቴን ቅቤ ውስጥ እየከተትኩ «ሥራ ነው፣ እግዜር ይረዳኛል» እል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምደርሰው ለሰርግና ለቀብር ብቻ ነው፤ ለቀብሩም ንፍሮ መኖሩን አጣርቼ።

ታደለች ከእኔ ቀድማ ጌታን አገኘች። ጓዳ ሆና ስትጸልይልኝ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ደንበኛ ይሸሽብኛል» እላት ነበር። እዚያ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌያችን ጋሽ ቶሎሳም በሱቄ ደጃፍ ባለፉ ቁጥር «ጌታ ይወድሃል» ሲሉኝ «ከወደደኝ ቅቤ ይግዛኝ» ብዬ እመልስላቸው ነበር። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። በማግስቱ ይመለሳሉ። ደግሞ ይሉኛል። የማይሰለቹ ሰው ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው!

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ አጋርፋ ሰርግ ላይ ጥሬ ሥጋ ስቆርጥ ውዬ በተመለስኩ ማግስት፣ ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር ያዘኝ። ያዘኝ ስላችሁ፣ ጅብ ነክሶ እንደማይለቀው ነው። ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ወጣ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ያስመልሰኝ ጀመር። ጩኸቴን የሰነቴ ተራራ ቀይ ቀበሮዎች ሰምተው ጆሯቸውን ቀሰሩ። እሺ፣ እሺ፣ ጎረቤት ሰምቶ መጣ።

በአገራችን ሆዱን የታመመ ሰው ሁሉ ሕመሙ ጨጓራ ነው። አንዱ ተልባ አለ፣ አንዷ ወተት አለች። እኔ ግን ባለሙያ አይደለሁ? ጨጓራን የሚያለሰልስ ቅቤ ነው ብዬ በራሴ ላይ ፈረድኩ። ለደንበኛ የምሰስተውን ምርጥ የጊኒር ቅቤ አስቀልጬ በትልቅ ኩባያ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። ወገኖቼ፣ በእሳት ላይ ምን እንደጨመርኩ የገባኝ ብዙም ሳይቆይ ነው። መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

የደረሰልኝ የጊኒሩ ከብት ነጋዴ ወዳጄ ከድር ነው። አይሱዙው ላይ በጎች ጭኖ ነበር። እነሱን እንኳ ሳያወርድ እኔንና ታደለችን ጋቢና አስገብቶ ወደ ጎባ ነዳው። መኪናው ባንገጫገጨን ቁጥር እኔ እጮሃለሁ፣ በጎቹ ከኋላ ይመልሱልኛል። ከድር «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ አለ» ይለኛል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ብቻ ትንሽ ቀስ ብለህ ጩህ፤ በጎቼ ደንግጠው ከከሱ ማን ይገዛኛል?» አለኝ።

ጎባ ሆስፒታል አንድ ወጣት ዶክተር ከጎድን አጥንቴ ሥር ተጭኖ አየር ሳብ አድርግ አለኝ። ስስብ ትንፋሼ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ አልትራሳውንድ አነሱኝና የሐሞት ከረጢትህ ነው አሉኝ። መውጫውን ድንጋይ ዘግቶታል፣ ከረጢቱም ተቆጥቶ አብጧል። ዛሬ ምን እንደቀመስኩ ሲጠይቀኝ ታደለች ፈጥና ነገረችው። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቅባት ሲገባ ያ ከረጢት ይጨመቃል። እርስዎ በሩን ቆልፈው ቤቱን ጨመቁት። የመጡት ሊታከሙ ነው ወይስ ሊጠበሱ?»

ቀልደኛ ሐኪም የሰጠኝ ጌታ ይመስገን!

ምግብና ውኃ ተከለከልኩ። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ሰጡኝ። ትኩሳቱ በረድ ሲል ዶክተሩ መጥቶ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለኝ። ሰው ያለ ሐሞት እንዴት ይኖራል ብዬ ተቆጣሁ። ጉበቴ ሐሞት መሥራቱን እንደማይተው፣ የሚወጣው ማጠራቀሚያው ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። መጋዘን የሌለው ነጋዴ እንደማለት ነው፤ ገባኝ። ግን የፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም አልኩ። ከድር ሊያበረታታኝ ፈልጎ «በግ ሲታረድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንተ ግን ትነሳለህ» አለኝ። አላበረታታኝም።

ዶክተሩ ሲወጣ ታደለችን ለብቻዋ ጠርቷት ነበር። ስትመለስ ፊቷን አየሁት። ከረጢቱ ሳይወጣ ከቆየ ሊበሰብስና ሊፈነዳ ይችላል፣ ያኔ መትረፉን እንጃ ብሏታል። ወገኖቼ፣ ቀልዴ ሁሉ እዚያ አለቀ። ታደለችን ተመልከቱ፤ ጣቷ አልተነሳም።

በዚህ መሐል ጋሽ ቶሎሳ ከሮቤ ሊጠይቁኝ መጡ። ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን ያዝኩና ይጸልዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ግን ልማድ ክፉ ነውና ያለ ክርክር አልሆነልኝም። ጌታ ቢላዋ ሳይነካኝ ከፈወሰኝ ለዘላለም የእሱ ነኝ፤ በቢላዋ ከሆነ ግን ለገናና ለፋሲካ ብቻ እመጣለሁ አልኳቸው።

ሽማግሌው አልሳቁብኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ደላላ አይደለሁም። እሱም ዋጋ አይከራከርም፤ ከፍሎ ጨርሷል።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ፈርተሃል?»

«ፈርቻለሁ።»

«እሱኑ ንገረው። ምንም አትጨምርበት።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዕድሜ ልኬን ባንዱ ላይ አሥር ስጨምር የኖርኩ ሰው «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ፤ ያዘኝ» አልኩና ዝም አልኩ። ሃሌ ሉያ! ሰማይ አልተቀደደም፣ አልጋዬም አልተነቃነቀም። ግን ከታች አንድ እጅ ደርሶ የደገፈኝ ያህል ዕረፍት በልቤ ገባ። ጋሽ ቶሎሳም ጸለዩ፤ የጸለዩት ስለ ዶክተሩ እጅ ነበር። አሜን ካሉ በኋላ ወረቀቱን እሳቸው ራሳቸው አቀበሉኝ። ፈረምኩ።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ታደለች አጠገቤ ቆማ ነርሷ እንዳትቆጣት በሹክሹክታ ጌታን ታመሰግናለች። አፌ ደርቆ ነበር፤ እንደምንም «ድምፅሽን ጨምሪ» አልኳት። ያን ቀን አለቀሰች። እኔም ቁስሌን ይዤ አለቀስኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

የወጣውን ድንጋይ አሳዩኝ። የዝሆን እግር ያህል ነበር። እሺ፣ የባቄላ። ኧረ እሺ፣ የሽምብራ ፍሬ! ግን እናንተም ቢኖራችሁ ዝሆን ነው የምትሉት።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ፈተና። በባሌ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን በሳህን፣ መሐሉ የቅቤ ኩሬ የሆነ ገንፎ ከየጎረቤቱ ጎረፈ። ዶክተሩ ቅባት ለጊዜው እንዳታይ ብሎኛል፣ ሰው ይዞ የመጣውን አልቀምስም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ከድር ይህን ዓይቶ በየቀኑ አጠገቤ እየተቀመጠ የእኔን ድርሻ ይበላልኝ ጀመር። እኔ አጥሚት እየጠጣሁ ከሳሁ፣ እሱ የእኔን ሕመም ታሞ ወፈረ። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሰጠኝ ጌታ ይመስገን!

ዛሬ ጤነኛ ነኝ። ቅቤ አሁንም እሸጣለሁ፤ የማውቀው ግን በአፍንጫዬ ነው። ለምላሴ ጡረታ ሰጥቼዋለሁ፤ ከወሬ በስተቀር። ወገኖቼ፣ ሆዳችሁን ሲያማችሁ ቅቤ አትጠጡ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጌታ እዚያም አለ። ከእሱ ጋር ዋጋ የምትከራከሩ ካላችሁ ደግሞ፣ የገበያ ሰው ነኝና እመኑኝ፣ ይህ ገበያ ሌላ ነው። ያላችሁን ፍርሃት እንዳለ ይዛችሁ ቅረቡ።

ብዙ አወራሁ፣ ብዙም ቀነስኩ። ይችን ግን አልጨመርኩባትም፤ ፈርቼ ነበር፣ ጌታ ያዘኝ። ዞር ብላችሁ ታደለችን እዩዋት፤ ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።