የታጠነው በርሚል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰናይት ለሠርጓ ውሃ መያዣ ይሆናል ብላ ከገዳሪፍ ገበያ ሰማያዊ በርሚል ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭና መጣች። ገና ከበር ሳታስገባው "ምን የነበረበት ነው?" አልኳት።

"የምግብ ዘይት፣ እማ" አለችና ሳቀች።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዘይት ዘይት ይላል። ልቤ ግን አላረፈም፤ የሸጠልሽን ሰው አሳዪኝ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ልጆቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ የራሴን ሠርግ ያስታውሰኛልና።

ያኔ እዚሁ ሱዳን፣ ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ በሰሊጥ እርሻ ዳር እንኖር ነበር። ወላጆቼ ከመተማ ለአጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። የምንጠጣው ከሐፊሩ ነው፤ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ የሚያቆይ ሰፊ የተቆፈረ ኩሬ። ከኩሬው ዳር፣ እኛ መድኃኒት የምንለው የእርሻው የተባይ መርዝ ከመኪና ይራገፋል፤ መሬቱም ላይ ይፈስሳል። ባዶው በርሚል ሲጣል እኛ ሴቶች እናነሣዋለን። በአመድና በአሸዋ እንፈትገዋለን፤ ከዚያም እንደ ወተት ቅል በግራር እንጨት ጭስ እናጥነዋለን። ሽታው ሲጠፋ መርዙም የጠፋ ይመስለን ነበር። እናቴ ለሠርጌ ትልቁን መርጣ ደጋግማ አጠነችው።

ጥር ገብቶ ሠርጉ ሲቃረብ የመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጓንትና ቦቲ አድርገው መጡ። ሐፊሩን በሽቦ አጠሩት፤ የተበከለውን አፈር እየዛቁ በላስቲክ ጠቅልለው መጫን ጀመሩ። አለቃቸው ዐም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ ጢሙ የሸበተ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛ ከአጫጆች ለምዷል። በርሚል ለመሰብሰብ ቤታችን ገባ።

"ይኼን አልሰጥም" አለች እናቴ። "እስቲ አሽትተው፤ ሽቶ ነው።"

አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። "ወላሂ፣ ከእኔ ቤት ይሻላል። መርዝ ግን ጭስ አይፈራም፣ እህቴ።"

"ስንጠጣበት ኖረናል። ማን ሞተ?"

"ሆዱን የሚያመውስ የለም?"

ታናሽ ወንድሜ በየጊዜው ሆዱን ይዞ ያለቅስ ነበር።

ሙሽራ ከጓዳ አትወጣም፤ እኔ ግን ወጣሁ። ያለ ሐፊሩና ያለ በርሚሉ ያ ሁሉ እንግዳ ምን ሊጠጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። "እምዬ፣ ስጭው። በሠርጌ ሰው ከሚታመም ሠርጉ ይቅር" አልኩ።

"ላግባ ላግባ ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለችና በርሚሉን በእግሯ ወደ እሱ አንከባለለችው። "ውሰድ። ሙሽራዋ ፈርዳለች።"

"ለሠርጉ ውሃ በታንከር አመጣለሁ" አለ ዐም ኢድሪስ።

የሠርጉ ዕለት በጉ ታርዶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ድስቱ ተጥዶ ውሃ የለም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሙሽራውም ዘገየ። እናቴ ባዶውን እንስራ እየገለበጠች ታየኛለች። ሽሩባዬን ተሠርቼ እንደተቀመጥኩ በበሩ ቀዳዳ መንገዱን አያለሁ።

ከዚያ ጥሩንባ ሰማን። ታንከሩ አቧራውን እያጨሰ ሲመጣ፣ ላዩ ላይ ወንዶች ተደርድረው ያጨበጭባሉ። ሙሽራው አስማረና ሚዜዎቹ ናቸው። ሎሪያቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዐም ኢድሪስ አፍሷቸዋል። የአስማረ ነጭ ልብስ አቧራ ለብሶ ቡናማ ሆኗል።

"ማንን ቀድመን እናውርድ፣ ውሃውን ነው ሙሽራውን?" አለች ጎረቤታችን።

"ውሃውን" አለች እናቴ። "ሙሽራው አይፈስም፤ ይጠብቃል።"

እልልታው ቀለጠ። ዐም ኢድሪስም እስኪመሽ አብሮን ጨፈረ።

ሐፊሩ ከክረምቱ በፊት ተጠርጎ አለቀ፤ ልጆቼ ያደጉት በዚያ ውሃ ነው። ወንድሜም ዛሬ ሽበታም ነው፣ ሆዴን ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የበርሚሉ ነጋዴ ዘይታቸው ገና ያልተገለበጠ ሌሎች ሰማያዊ በርሚሎቹን አሳየኝ።

"አሁን አረፍሽ?" አለችኝ ሰናይት።

"አረፍኩ" አልኳት። "በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። እንዳታጥኝው ብቻ። ዘይት ከነበረ ዘይት ይሽተት።"