አጥምቂው ያልኳት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የነፍስ አባት የለኝም፤ የነበሩኝን ገና በጎረምሳነቴ በክርክር አባርሬያቸዋለሁ። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለእህቴማ ጭራሽ። ስለዚህ እናንተ የማላውቃችሁ ሰዎች፣ መስቀል ሳትይዙ ልትሰሙኝ ነው። ቀኖና አትስጡኝ። ብትሰጡኝም እከራከራችኋለሁ፤ ልማዴ ነው።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ እህቴ ልጇን ባጣችበት ቀን፣ አንዲት የካቶሊክ መነኩሲት ሕፃኑን እንድታጠምቀው ለመንኳት። አጠመቀችው። በኋላ ሰው ተሰብስቦ «ማን አዘዘሽ?» ሲላት እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ያዘዛት የለም አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከነገሩ ይብሳል።

ያኔ በከተማው ታሪክ አስተምር ነበር። የታወቅሁት ግን በማስተማሬ ሳይሆን በክህደቴ ነው። ቄሱንም ሼሁንም እኩል እነካካለሁ። በዓቢይ ጾም፣ ያውም ሙስሊም ያረደውን ሥጋ በልቼ፣ ጥርሴን እየጎረጎርኩ በቤተ ክርስቲያን በር አልፋለሁ። ሰው ሲያማትብ ደስ ይለኛል። ጥቂት መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚያነጋግረው ሲያጣ የሚይዘው በሽታ ነው፤ እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሲስተር ማርታ ከከምባታ የመጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች። እሷና ሸምገል ያሉት ሲስተር ሮዛ ከከተማው ዳር ትንሽ ክሊኒክ ነበራቸው። ሲመጡ ለአገር ሽማግሌዎች ቃል ገብተዋል፦ እናክማለን፣ እናዋልዳለን፣ የማንንም ሃይማኖት አንነካም። ቃላቸውንም ጠብቀው ኖሩ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ክሊኒኩ ጎራ እላለሁ። ማርታ የታጠበ አንሶላ ስታሰጣ እኔ አጥሩን ተደግፌ እጨቀጭቃታለሁ። መጻሕፍት አውሳታለሁ፤ አንብባ ትመልስልኛለች፣ ብዙዎቹን አልወደደቻቸውም።

«ጸሎት ቤት ገብተሽ ለማን ነው የምታወሪው?» አልኳት አንድ ቀን።

አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ለተዘጋ በር» አለች። «ብዙ ጊዜ ሆነው። ማዋለጃው ክፍል ስገባ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ የሆነ ነገር አለ።»

«ታዲያ አታምኚም ማለት ነው!» አልኩ፣ እንዳሸነፈ ሰው።

ሳቀችብኝ። «አንተ የለም ብለህ እርግጠኛ ነህ። እኔ አለ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም። እስቲ መምህሩ፣ ማናችን ነን አጥባቂው?»

ይህን የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው። ሰው አምኖኝ ያውቃል ማለት ነው። ምን አይታብኝ ይሆን?

እህቴ አስናቀች ወሯ ሳይገባ ምጥ ያዛት። ባሏ ዓረብ አገር ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ በላይነሽ ጋር ሆነን በቃሬዛ ክሊኒኩ አደረስናት። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። ሲስተር ሮዛ የእህቴን ደም ለማቆም ይታገላሉ፤ እህቴ ራሷን ስታለች። ማርታ ሕፃኑን አሸችው፣ አፉን ጠረገች፣ እፍ አለችበት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጎን ክፍል አወጣችውና እኔን ጠርታ አስታቀፈችኝ። ራሷን ነቀነቀች። ይተነፍሳል፤ ግን ረስቶ እንደሚያስታውስ ሰው ነበር የሚተነፍሰው።

በእኛ ወግ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ሳይጠመቅ የሞተ ፍትሐት የለውም፤ የሚቀበረውም ከቅጥሩ ውጭ ነው። በእነማርታ ሥርዓት ግን ሞት ከቀረበ ቄስ ያልሆነም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ይህን ራሷ ነበረች የነገረችኝ፤ ያኔ ስቄበት ነበር።

«አጥምቂው» አልኳት።

«ምን?»

«ማንም ይችላል ብለሽኝ የለ? አጥምቂው!»

«መምህሩ፣ ቃል አለብን። ቄስ ጥራ።»

«ቄሱ እስኪመጣ ያልቃል። አስናቁ ስትነቃ ምን ልበላት? ሳይጠመቅ ሞተ ልበላት?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን ታውቀኝ የለ? እኔ ባጠምቀው ምን ዋጋ አለው?»

«ለእሷ ዋጋ አለው» አልኩ። «በሞትኩት፣ ማርታ።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። በሞትኩት ያልኩት እኔ ነኝ። ማርታ ፈልቶ የበረደ ውሃ በእፍኟ ይዛ በአናቱ ላይ አፈሰሰች። ልጁ ክንዴ ላይ ሞተ። ያን ሰዓት ምን አምኜ ነበር? አላውቅም። ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ፤ ማርታም አየችኝ።

ያላየኋቸው እትዬ በላይነሽን ነው። በበሩ ስንጥቅ ውሃው ሲፈስ አይተዋል፤ ልመናዬን ግን አልሰሙም። እህቴ ስትነቃ ያዩትን ሲነግሯት እኔ ሲስተር ሮዛ የላኩኝን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ትጮሃለች፦ «ልጄን ካቶሊክ አደረገችብኝ! በቁሜ ቀማችኝ!» ክፍሉ ሰው ሞልቶበታል። ትንሽ ትረጋጋና እነግራታለሁ አልኩ ለራሴ። ይኸው ተረጋግታለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

ቄሶቹ የካቶሊክ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም አሉ። ልጁን ከቅጥሩ ውጭ ቀበርነው። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ሁለቱን መነኩሲቶች ጠሩ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ።

መጀመሪያ የተነሡት ሼህ እንድሪስ ነበሩ። «ወላሂ፣ የእኔን ሦስቱንም ያዋለደችው እሷ ናት። አንዱንም አላጠመቀችብኝ!» ሰው ሳቀ። «አብሽሩ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል? ነገ ሚስቶቻችሁን ማን ሊያዋልድላችሁ ነው?»

ጋሽ መኮንን፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ሼሁ፣ እኛም ይህን አጥተነው አይደለም። ነገሩ አጭር ነው። ቤተ ዘመድ ለምኗት ከሆነ ቃል አላፈረሰችም፤ ወደ ቤታችን እንገባለን። በራሷ አድርጋው ከሆነ ግን ማዋለጃው ይዘጋል። ማን አዘዘሽ፣ ልጄ?»

ማርታ ቆመች። «እኔ ነኝ ያደረግሁት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወደ እኔም አልዞረችም።

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ እዚያው ነበርክ። እህትህም ናት። እስቲ ንገረን።»

እትዬ በላይነሽ ከኋላ «እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ፣ እግዜርን እንኳ የማያምን!» አሉ። ሰው ዳግመኛ ሳቀ። ተማሪዎቼ በመስኮት ያያሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ከሀዲ፣ ሥጋ በጾም የሚበላው፣ ሕፃን ታቅፎ «አጥምቂው» ብሎ አለቀሰ ሊባል ነው። ማርታን ፈርቼ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹንም አይደለም። የፈራሁት መሳቂያ መሆንን ነው።

«ያዘዛት የለም» አልኩ።

ያኔ ዞራ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። የታመመ ሰው እንደሚታይ ነበር ያየችኝ።

ማዋለጃው ተዘጋ። ክሊኒኩም ብዙ አልቆየ። ማርታ በሄደችበት ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ ነበርኩ፤ ከሩቅ ሳያት ሻይ ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ስንት እናቶች ቃሬዛ ላይ፣ መንገድ ላይ ቀሩ? ለቅሶ ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ የሞተችው በወሊድ ነው ሲሉኝ፣ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ አላውቅም።

እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጸሐፊ ሆንኩ። ስለ አድርባይነት ጻፍኩ፣ አንብባችሁታል። እውነትን ፊት ለፊት ስለ መናገር ጻፍኩ፣ አጨብጭባችኋል። ያን ሁሉ ስጽፍ አዳራሹ ትዝ አላለኝም ብዬ አልዋሻችሁም። እያንዳንዱን ስጽፍ ትዝ ብሎኛል።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ሮዛን በአንድ ሆስፒታል አገኘኋቸው፤ በጣም አርጅተዋል። ማርታ ማረፏን ነገሩኝ። እስከ መጨረሻዋ በማኅበራቸው የእንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ ስታጥብ ኖረች።

«ለምን አላዋለደችም?» አልኳቸው።

«እንቢ አለች። ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ያ ሕፃን ይመጣባታል። ጸሎቱንም ትታው ነበር፤ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች፣ አፏ ግን አይንቀሳቀስም።» ቀጥለውም «ስለ አንተ ሁልጊዜ ትጠይቅ ነበር» አሉ። «እህቱ ሌላ ልጅ ወለደች ወይ? ትለኝ ነበር።»

አልወለደችም። አስናቀች ከባሏ ተለያይታ እሷም ዓረብ አገር ደርሳ ተመልሳለች። ዛሬም ማርታን ትረግማለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ሻይ ጠጥቻለሁ።

አንድ ካልነገርኳችሁ ነገር በቀር ሌላ የለኝም፤ እሱ ደግሞ የእናንተ አይደለም፣ የእህቴ ነው። አስናቁ፣ ማርታ ውሃውን ከማፍሰሷ በፊት «ስሙን ማን ልበለው?» አለችኝ። የአባባን የክርስትና ስም ሰጠሁት፤ ሌላ አልመጣልኝም። ልጅሽ ገብረ ኪዳን ይባላል። እኔን ይቅር በዪኝ አልልሽም። እሱን ግን በስሙ ጥሪው።