ከበሩ ወዲህ አባዬ የለም

ሰፈሩ "ምክትሉ" ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ምክትል ርእሰ መምህር ሆኖ፣ ዋና ሳይሆን ጡረታ ወጣ። ስንቱ ርእሰ መምህር ሲሾምና ሲሻር እሱ ያቺን "ምክትል" የምትል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጥፎ፣ ያረፈዱ ልጆችን ደጃፉ ላይ እያንበረከከ ኖረ። ክፍል ገብቶ ሲያስተምር አየሁት የሚል ሰው የለም፤ ጠመኔ ይዞ ከታየም ለሌላ መምህር ሊያቀብል ነው። እንግዲህ በስተርጅና የተወለደችለትን የአራት ዓመት ልጁን ቤት ውስጥ ላስተምር ብሎ የተነሳው ይኼው ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፋርማሲስት ሚስቱ ጋር ልጅቷን ሊያስመዘግቡ ወደ ሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት የሄዱ ዕለት ነው። ልጆቹ መዳፋቸውን ቀለም እየነከሩ ግድግዳ ላይ ያትማሉ። አንዱ ጥግ ይዞ ጫማውን ካርቶን ውስጥ አስተኝቶ እሹሩሩ ይለዋል። መምህርቷም ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ አብራ ታዜማለች። ምክትሉ ከንፈሩን ጣለ።

"ይኼ ትምህርት ነው? ይኼማ ግርግር ነው!" አለ ገና ከግቢው ሳይወጡ።

"ሕፃናት እኮ ናቸው፣ አንተ ሰው!"

"እኔ እያለሁ ልጄ ወለል ላይ አትንፏቀቅም።"

ሚስቱ ጭቅጭቅ ሰልችቷት ተወችው።

በሳምንቱ ከእንግዳ ክፍሉ አልጋው ወጥቶ፣ ከድሮ ትምህርት ቤቱ የተጣለ ከባድ የብረት ጠረጴዛ ገባ፤ መሳቢያው በራሱ ጊዜ ድው ብሎ የሚዘጋ። ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ደወልም መጣ። አዎ፣ ለአንዲት ፍሬ ተማሪ ደወል! እሱን ደውሎ፣ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመና ደንቡን አስታወቀ። ሳይፈቀድ መናገር የለም፤ እጅ ይወጣል፣ ይጠበቃል።

"ከዚህ በር ወዲህ እኔ ቲቸር ነኝ። አባዬ የሚባል ሰው የለም፤ አባዬ ውጭ ነው የቀረው። ገባሽ?"

"ውጭ ምን ይሠራል?" አለች ልጅቷ።

"እጅሽን ሳታወጪ!"

ይቺ ልጅ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ጨረቃ የት ነው የምታድረው፣ ጉንዳን እናቱን በምን ይለያታል፣ ሳሙና ለምን ራበኝ አይልም፤ አባቷን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ስትጠይቅ ትውላለች። እናቷ የፈራችው ይኼንን አፍ እንዳይዘጋባት ነው።

ዘጋው እንጂ! ወር ሳይሞላ ቤቱ ጭር አለ። ምክትሉ ደግሞ ጸጥታ ሲሰማ ዕውቀት የገባ ይመስለዋል፤ ዕድሜውን የፈጀው ጸጥታ ሲቆጣጠር ነዋ። ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ "የእኔ ክፍል ዝንብ ስትበር ይሰማል" እያለ ይጎርርበታል። ልብስ ሰፊው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

"ትናንት ራት ላይ እጇን አውጥታ ውኃ ለመነችኝ። አያስደነግጥህም?" አለችው ሚስቱ።

"ሥነ ሥርዓት ነዋ!"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ሥራ ከሄደች በኋላ ሰሌዳው ላይ ፊደል ይደረድራል። ጽሕፈቱ ያምራል፣ እሱን አንነፍገውም። ከኋላው መሳቢያው ድው አለ። መስመር ሳይጨርስ መዞር አይወድም፤ "ጸጥታ!" ብሎ ቀጠለ። ጨረሰ፤ ራቅ ብሎ አየው፤ አንዷን ፊደል አጥፍቶ እንደገና አሳመራት። ከዚያ ዞረ።

ልጅቷ ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ አውጥታለች። የግራ እጇ ጣቶች መሳቢያው ውስጥ ተቀርቅረዋል። ዕንባዋ በአገጯ ይንጠባጠባል፤ ድምፅ ግን የላትም። እስኪፈቀድላት እየጠበቀች ነው።

ምክትሉ ክው አለ።

"ተ... ተናገሪ፤" አለ። እዚህም ላይ ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣለትም።

"ቲቸር፣ አባዬን ይጥሩልኝ።"

"እኔ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ አባዬ!" ብሎ መሳቢያውን ጎትቶ ከፈተው። ጣቶቿን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ ሸጉጣ በክንዱ ሥር ሾልካ ወጣች። በሩን እንዳለፈች ለቅሶዋን ለቀቀችው። "አባዬ! አባዬ!" እያለች ሳሎኑን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ መኝታ ቤቱን ከፈተች። ምክትሉ ጠመኔውን እንደያዘ ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ ስትፈልገው ይሰማታል።