ናቲን የጠቀለለው ጋቢ

አንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ክላክሱን ሳያቋርጥ ሲጫን ስሰማ፣ ዛሬም እዚህ አሌክሳንድሪያ ከቤቴ መስኮት ሥር ቢሆን፣ ምክንያቱን ሳላጣራ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ። ሌላው ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ ይሳደባል፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ አዳምጣለሁ። ባለቤቴ «ለፓርኪንግ ተጣልተው ነው፣ አርፈሽ ቁጭ በይ» እያለ ይስቅብኛል። አይፈረድበትም፣ እሱ ያን ቀን አብሮን አልነበረም።

ያኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። አባዬ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ኤርፖርቱ የሚያመላልስ አውቶቡስ እየነዳ፣ እማዬ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እየሠራች፣ እኔንና ገና የፊት ጥርሱ መነቃነቅ የጀመረውን ታናሽ ወንድሜን ናቲን ያሳድጉ ነበር። እማዬ ፈሪ ነበረች ብል ሐሜት አይሆንብኝም፣ ራሷም አትክደውም። ሊፍት ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ ልብስ የምናጥብበትን ምድር ቤት ትፈራለች፤ ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ግን በረዶን ነበር። በአገሯ የምታውቀው በረዶ ቆርቆሮውን እየደበደበ መጥቶ፣ ልጆች ለቅመው ሳይጨርሱት የሚቀልጥ ነው፤ የዚህ አገሩ ግን ኮሽ ሳይል ሌሊቱን ወርዶ፣ ጠዋት መኪናውንም ደረጃውንም ውጦ ይገኛል። «ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ነገር አላምንም» ትል ነበር። እኔም የወጣሁት እሷን ስለሆነ ከኋላዋ ቆሜ በመስኮት አይ ነበር።

አባዬ ደግሞ በዚህ ይናደድ ነበር። «ልጆቼ የሚያድጉበትን አገር እየፈሩ አያድጉም» ብሎ፣ ገና የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እጃችንን ይዞ ከአፓርትመንቱ ጀርባ ወዳለው ዳገት ይወስደናል። መንሸራተቻ የሚባለውን ዕቃ ስላልገዛን በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ክዳን ላይ አስቀምጦ ይለቀናል፤ ናቲ እየጮኸ በደስታ፣ እኔ እየጮኽኩ በፍርሃት፣ እኩል ታች እንደርስ ነበር። ቅዳሜ ከሆነ የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ ከአሌክሳንድሪያ ልጁን ዮናስን ይዞ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን የስፖርት አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ጓንት አያደርግም፣ ለምን ሲሉት «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድን ያጠባሁት እኔ ነኝ» ይል ነበር። አባዬም ስለ ብርድ የሚነሳውን ነገር ሁሉ ለእሱ ትቶት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥና ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አራታችን፣ ማለት አባዬ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ዮናስና እኔ፣ ወንዙን ተከትለን ረጅም መንገድ መሄድ ጀመርን፤ ናቲ ሲደክመው በአባዬ ትከሻ ላይ ሆኖ ይከተለናል። በሙቀቱ ወራት ጋሽ ደምሴ ለተራራ መውጫ የሚሆን ቦት ጫማ፣ ሁለት ምርኩዝና አንድ ኮምፓስ ገዝቶ ሊያሳየን መጣ። እማዬ ምርኩዙን ገልብጣ አይታ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ፣ ጋሽ ደምሴ» ስትለው ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነበር። ቅጠሉ ሲረግፍ ግን ወሬው ሁሉ በስተምዕራብ ስላሉት ተራሮች ሆነ፤ እዚያ ካቢን ተከራይተን፣ ሰው ያልረገጠውን በረዶ ረግጠን እንመጣለን ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ እንቅልፍ አልነበራትም። እኔም እሷ ስትገላበጥ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ አብሬያት እነቃ ነበር።

የሄድነው የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ እየጠበበ፣ ቤቱ እየራቀ፣ በመጨረሻም የስልኩ ኔትወርክ እየጠፋ ሄዶ፣ ከጫካው ዳር ያለች የእንጨት ቤት ደረስን። ከእኛ ሌላ በአቅራቢያው አንድ ካቢን ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹና እኛ ልጆች እስከ ገደሉ አፋፍ ደርሰን ልንመለስ ተነሳን፤ እማዬ «እኔ እዚሁ ሆኜ እፈራላችኋለሁ» ብላ ቀረች።

ከመውጣታችን በፊት ግን ናቲን ጠርታ አቆመችውና ከሻንጣዋ ጋቢ አወጣች። እናቷ ፈትላ ያሠራችው፣ እኛ ቤት ከታመመ ሰው በቀር የማይለብሰው ነጭ ጋቢ ነው። በካናቴራው ላይ ከብብቱ እስከ ዳሌው አዙራ አዙራ ጠቅልላ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ ጃኬቱን በግድ ዘጋችበት።

ናቲ እጆቹን ዘርግቶ «እማዬ፣ አይ ካንት ሙቭ» አለ።

አባዬ «አስቱ፣ ልጁን ሕፃን አደረግሽው እኮ፤ ጃኬቱ ይበቃዋል» አላት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጋሽ ደምሴም ደገፋት። «ተዋት፣ ልክ ናት። ደብረ ብርሃን ያንን ሁሉ ብርድ ያሳለፍነው በምን ሆነና? ጋቢ ያልመለሰው ብርድ የለም።» እንዲህ ከተባለ በኋላ አባዬ ምን ይላል፤ ወጣን።

መጀመሪያ ላይ፣ ፈሪዋ እኔም ሳልቀር፣ ደስ ብሎን ነበር። በየዛፉ ግንድ ላይ የተቀባውን ሰማያዊ ምልክት ዮናስና እኔ እየተሽቀዳደምን እየፈለግን፣ ናቲ ፊቱ ቲማቲም መስሎ እያላበው፣ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር እየተንከባለለ እንሄድ ነበር። አንድ ቦታ ላይ በረዶው ተደርምሶ እስከ ደረቱ ዋጠው፤ አባዬ ጎትቶ አውጥቶ ከአንገቱና ከወገቡ የገባውን በረዶ በእጁ ጠረገለትና ሁላችንም ሳቅን። አፋፉ ላይ ደርሰን ዳቦ በልተን ከፔርሙሱ ሻይ ጠጣን።

ስንመለስ ደመናው ወረደ። ከተራራው ወዲያ ያየነው ሸለቆ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከፊታችን ያሉት ዛፎች ጠፉ፣ ከዚያም በረዶው በንፋስ እየተነዳ መጥቶ ግንዶቹን በጎናቸው ሲለስናቸው ሰማያዊው ምልክት ሁሉ ነጭ ሆነ። የመጣንበት ዱካም ዓይናችን እያየ ተሞላ። ጋሽ ደምሴ ኮምፓሱን አውጥቶ ሰሜኑን አገኘ፤ ካቢኑ ግን በሰሜን ይሁን በደቡብ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። «በዚህ ነው» ብሎ ወሰደን፣ ቆይቶ «የለም፣ በዚህ ነው» አለ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አላለም። እኔን ከንፋሱ ይልቅ ያስፈራኝ የእሱ ዝምታ ነው፤ ያ ሰው ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበርና።

ናቲ ሲያለቅስ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። እየተወላገደ ጥቂት ከሄደ በኋላ በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «አይም ኖት ኮልድ» አለ። አባዬ አንስቶ ታቀፈው። «ጎሽ፣ ጋቢው ሞቀው ማለት ነው፤ እንቅልፍ እየወሰደው ነው» አለና ቀጠልን። እኔም አመንኩት። ጓንቴ ርሶ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር፣ ቤት ውስጥ ሁሌም እንደማደርገው ከናቲ ሙቀት ልሰርቅ ብዬ፣ ከአባዬ አጠገብ እየተራመድኩ እጄን በወንድሜ ጃኬት ሥር ሰደድኩ።

ውስጥ ሙቀት አልነበረም። እጄ የነካው ከውሃ ውስጥ የወጣ መወልወያ ጨርቅ የመሰለ ነገር ነው። ላቡንም፣ በአንገቱ የገባውን በረዶም ጋቢው ጠጥቶ ጠጥቶ ቀዝቅዟል።

«አባዬ፣ ጋቢው ውሃ ነው» አልኩ።

አባዬ ቆመ። እጁን አስገብቶ ነካና ፊቱ ተለወጠ። «ናቲ፣ ስምህ ማነው?» አለው። ናቲ አንድ ነገር አጉተመተመ፣ ስሙ ግን አልነበረም። አባዬ ዚፑን ሲይዝ ጋሽ ደምሴ ክንዱን ጨበጠው።

«ምን ልታደርግ ነው? በዚህ ንፋስ ልጁን አራቁተህ ልትገለው ነው?»

«ልቀቀኝ፣ ደምሴ።»

«ጋቢ ነው እኮ! ከምንም ይሻለዋል።»

«እጅህን አስገባና ንካው» አለ አባዬ።

ጋሽ ደምሴ ነካው። እጁን ሲያወጣ ዓይኑን ከእኛ አሸሸ፣ ከዚያ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመልን። አባዬ መርፌ ቁልፎቹን ፈታ፤ ዙር በዙር ጋቢው ሲፈታ የወንድሜ ገላ ወዙ ጠፍቶ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አየሁ። ወንድሜ ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። አባዬ ሸሚዙን ከፍቶ ራቁቱን ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሹራቡንና ትልቁን ጃኬት በላዩ ዘጋበት፤ ጋሽ ደምሴ የራሱን የሱፍ ቆብ አውልቆ ለናቲ አጠለቀለትና፣ የሰው እናት ፈትል ጫካ አይጣልም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከብዶ የሚንጠባጠበውን ጋቢ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ ሳናውቅ መሄድ ቀጠልን። ዮናስ የአባቱን፣ እኔ ደግሞ «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ የአባዬን ጃኬት ጫፍ ይዘን ነበር።

ክላክሱን የሰማነው ያኔ ነው። እጅግ ቀጭን ሆኖ፣ ከምንሄድበት ሳይሆን ከኋላችን በግራ በኩል መጣ። ጋሽ ደምሴ «ባቡር ነው» አለ። ባቡር ግን እንዲህ ሳይቆም አይጮኽም። ዞረን ወደ ድምፁ ሄድን፤ ሲደክም እየቆምን፣ ሲጎላ እየሮጥን፣ ሊመሽ ሲል የመኪናችን መብራት በጭጋጉ ውስጥ ታየን። እማዬ ነበረች። የመጀመሪያው በረዶ ጠብ ሲል፣ ገና ማንም ሳይዘገይ፣ መንዳት በማታውቀው መኪና ውስጥ ገብታ በሁለት እጇ ክላክሱ ላይ ተደግፋ ነበር። የሌላው ካቢን ሰዎች ጆሯችን ደነቆረ ብለው መስታወቱን ቢደበድቡ በሩን ቆልፋ ቀጠለች።

መብራቱ ጋ ልንደርስ ስንል አባዬ ቆም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋቢው ጠፋ ነው የምንላት፤ ንፋስ ወሰደው። ልጄን በገዛ እጄ ልገለው ነበር ብላ ካሰበች ዕድሜ ልኳን አትድንም። ሰምታችኋል?» አለን። ሰምተናል። ጋሽ ደምሴ ጋቢውን ሲሰጠው አባዬ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ደበቀው።

ሊጣሉ የመጡት ጎረቤቶች ብርድ ልብስ ይዘው ሮጡ፣ በእነሱ ካቢን ስልክ አምቡላንስ ተጠራ። የመጣው የሕክምና ሠራተኛ ናቲን መርምሮ፣ እርጥቡን ልብስ በጊዜ ማውለቃችሁ ነው የበጀው አለ፤ አባዬ መሬት መሬት ሲያይ እማዬ የናቲን እግር ታሽ ነበር። ልጁ ስሙን ሲናገርና ምግብ ሲጠይቅ ብቻ ቀና ብላ «ጋቢውስ?» አለች።

«ንፋስ ወሰደው» አለ አባዬ።

«ይውሰደው» አለች።

በረዶው ቀልጦ ዘመድ መምጣት ሲጀምር፣ እማዬ ታሪኩን ለእንግዳ ማውራት ያዘች። ከዚያ ጸደይ ጀምሮ ለዓመታት፣ «ያን ዕለት በጋቢ ባልጠቀልለው ኖሮ ልጄን አጥቼው ነበር» ትላለች፣ አባዬም አንገቱን እየነቀነቀ «እውነቷን ነው» ይላል፣ ናቲና እኔ ሳህናችን ላይ እናቀረቅራለን። አባዬ ግን ከዚያ ወዲያ በፍርሃቷ አልቀለደም። በረዶ ይጥላል ከተባለ ከሥራ በየመሀሉ ኮል እያደረገ «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላት ነበር።

አባዬ ካረፈ ወዲህ ታሪኩን ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ባለፈው ዓመት፣ ጌይተርስበርግ የሚኖረው ናቲ፣ ዛሬ የበረዶ ተራራ ሳያይ የብርዱ ወራት የማያልፍለት ሰው፣ ልጄን ወደ ተራራው ይዟት ሊሄድ መጣ። እማዬም ልትሸኛት መጥታ ነበር። ከቦርሳዋ ስስ የሱፍ ካናቴራ አውጥታ ልጄን አለበሰቻትና፣ እኔ የገዛሁላትን የጥጥ ሹራብ አጣጥፋ ለብቻው አስቀመጠች።

«ጥጥ ውሃ ይጠጣል» አለች።

እነሱ ሄደው በሩ ሲዘጋ «እማዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከተራራው በተመለስን በሳምንቱ፣ መኪናውን ሳጸዳ። ላስቲኩን ስፈታው አሁንም ውሃ ነበር። መጥቼ ልነግረው ነበር። በር ላይ ስደርስ አባትሽ ለጋሽ ደምሴ በስልክ ‹አታውቅም፣ ተመስገን› ሲለው ሰማሁት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለእንግዳ የምታወሪው?»

«አባትሽ እንዳላውቅ ፈለገ፤ አላወቅኩም።»

ልጅ ሳለሁ እማዬ አጠገቤ ስትሆን ፍርሃቴ እጥፍ ይሆንብኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ስልኩን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ልጄ ከተራራው ወርዳ እስክትደውል ድረስ እጇን ይዤ ጠበቅሁ።