ለስደተኞች የለየሁት ሐሙስ

ዳባት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ለሰፈሩት የኤርትራ ስደተኞች የንባብ አገልግሎት እንዲሰጥ ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የትግርኛ መጻሕፍት አሰባሰብኩ፤ ያለ ዋስ እንዲዋሱ አስፈቀድኩ፤ ሐሙስ ጠዋትን ለእነሱ ብቻ ለየሁ። ደባርቅ ስብሰባ ላይ ሳቀርበው አጨበጨቡልኝ። ዛሬ ያን ጭብጨባ ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ከመጡት መካከል አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። አገራቸው ሳሉ ሒሳብ ያስተምሩ ስለነበር "መምህርት" እላቸዋለሁ። በሦስተኛው ሐሙስ ሊወጡ ሲሉ አጠገቤ ቆሙ።

"ልጄ፣ እንደ ሰው ሁሉ በሌላ ቀን ብንመጣ ምን አለበት?"

"ለእናንተ እንዲመች ብዬ እኮ ነው፣ መምህርት።"

አየት አድርገውኝ ወጡ።

ሁሉም እንደሄዱ ባልደረባዬ ጓንት አጠለቀ። ጨርቅ በባልዲ ካለ በረኪና ውስጥ እየነከረ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች ይወለውል ጀመር። ቀጥሎ የነኳቸውን መጻሕፍት አነሣ፤ ፊቱን አዙሮ፣ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ። ተጠጋሁት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ከሰዓት የእኛ ሰዎች ይገባሉ። እነዚህ ምን በሽታ ይዘው እንደሚመጡ በምን ታውቃለህ?"

"አታፍርም?"

"አንተ አይደለህ እንዴ ቀን የለየህላቸው?"

ሊሰድበኝ ብሎ አልነበረም። የተስማማን መስሎት ነው የሚያወራው።

ቀና ስል መምህርቷ በሩ ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን ረስተው ነበር የተመለሱት። ከባልዲው አጠገብ አነሡት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ "ደኅና ዋሉ" ብለው ሄዱ። ልከተላቸው ሲገባኝ ተገትሬ ቀረሁ።

በማግስቱ የሐሙሱን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ ቀደድኩት። ለኃላፊያችንም ተናገርኩ፤ ባልደረባዬ ተገሠጸ፣ ውልወላውንም ተወ። ከዚያ መምህርቷን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ መጠለያው ሄድኩ። ድንኳናቸው ውስጥ አስገብተው አስቀመጡኝ።

"የዚያ ሰውዬስ ይሁን፣ ፊቱ ላይ ይታያል። አንተ ግን እየሳቅህ ነው የለየኸን" አሉኝ።



አሁን ስደተኞቹ በፈለጉት ቀን መጥተው ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጠው ያነባሉ። እሳቸው ግን ተመልሰው አልመጡም። ባልደረባዬና እኔ እስካሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን። ረፋድ ላይ ዳቦውን ቆርሶ ሲዘረጋልኝ ያን ቀን ጓንት ያጠለቀበትን እጁን አያለሁ።

"በልቻለሁ" እለዋለሁ።